ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የበላዔ ሰብእ ታሪክ

ሰው የሚበላ ሰው፣ ዘንዶ፣ ጭራቅ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው በየአገሩ ተረት ውስጥ ይገኛሉ። የእኛም አገር ልጅ ከእሳት ዳር ተቀምጦ ጭራቅ መጣብህ እየተባለ ያድጋል። ከእነዚህ አስፈሪ ፍጡሮች ሁሉ መካከል ግን አንዱ ሌሎቹ ያላገኙትን ዕድል አግኝቷል፤ ይኸውም ሕዝቡ ታሪኩን ሲሰማ የሚፈራው ብቻ ሳይሆን የሚያዝንለትም መሆኑ ነው። እርሱም በላዔ ሰብእ የተባለው ነው። ይህ ታሪክ የሚገኝበት መጽሐፍ በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ ያዘዙት ንጉሥ ደግሞ ከዚሁ ከአካባቢያችን፣ ከአምባሰል ተራራ ላይ፣ ከእስር ወርደው የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚወጣው በዚህ መጽሔት የእኒህን ንጉሥ ሕይወት በአጭሩ ለመጻፍ አሰብን። ብዙ ሰዎች ዘርዐ ያዕቆብን ስለ ጦርነታቸውና ስለ መጻሕፍታቸው ጽፈውላቸዋል። እኛ ግን በተለይ የምንመለከተው አንድ ነገር ነው፤ ለሰው በላው የምሕረትን በር የሚከፍተውን ታሪክ ያስነበቡት ንጉሥ፣ ክፉ ናቸው ብለው ያሰቧቸውን ሰዎች እንዴት እንደ ፈረዱባቸው ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1399 ገደማ በፈጠጋር ምድር ጥልቅ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፣ እናታቸው ንግሥት እግዚእ ክብራ ናቸው። ከወንድሞቻቸው መካከል ታናሽ ስለ ነበሩ ዙፋኑ ይደርሳቸዋል ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም። በልጅነታቸው ታላቅ ወንድማቸው ቴዎድሮስ እንዳይጎዳቸው ተፈርቶ ወደ ትግራይ በስውር ተወስደው በአክሱምና በደብረ ዓባይ ተማሩ የሚል ትውፊት አለ። ይህን ትውፊት የሚጠራጠሩ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። ንጉሡ ራሳቸው በመጽሐፈ ብርሃን እንደ ጻፉት ግን ሊነግሡ ሲሉ የወረዱት ከግሼን አምባ ነው።

ግሼን ዛሬ በአምባሰል ወረዳ የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ ቅርጹ እንደ መስቀል የተዘረጋ አምባ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከመላው አገር የሚመጣው ተሳላሚ መንገዱን ሲሞላው ለሚያይ ሰው ያ ስፍራ በአንድ ዘመን የእስር ቤት ነበረ ማለት የማይታመን ይመስላል። ነገሩ ግን እውነት ነው። የይኩኖ አምላክ ዘሮች በመንግሥት እንዳይጣሉ ሲባል፣ ዙፋኑን ከያዘው በቀር ሌሎቹ የንጉሥ ልጆች በአምባው ላይ በዘበኞች ተጠብቀው እንዲኖሩ ተደነገገ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ ነበር። ይህ ልማድ እስከ 16ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ገደማ ድረስ ቆየ።

እነዚህ እስረኞች የሰረቁት ነገር የለም፤ የገደሉትም ሰው የለም። ጥፋታቸው መወለዳቸው ብቻ ነበር። በቤተ መንግሥት ያለው ሰው ግን ከአምባው ላይ ማን ሾልኮ ይወርድ ይሆን እያለ ይፈራቸው ነበር። ያልበደለ ሰው ሲፈራ እንዴት እንደሚታሰር ዘርዐ ያዕቆብ ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሳቸው ላይ ደርሶባቸው ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዐፄ ይስሐቅ ካረፉ በኋላ በአምስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አራት ነገሥታት ተፈራረቁ፤ እነርሱም እንድርያስ፣ ተክለ ማርያም፣ ሠርወ ኢየሱስና ዓምደ ኢየሱስ ናቸው። ከዚህ በኋላ በ1434 መኳንንቱ ወደ አምባው ልከው ዘርዐ ያዕቆብን አወረዱና አነገሧቸው። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ነበር። ትናንት ዘበኛ ይጠብቃቸው የነበሩት ሰው ዛሬ የዘበኞች ሁሉ ጌታ ሆኑ። በ1436 ወደ አክሱም ሄደው ሥርዓተ ንግሣቸውን ፈጸሙ፤ ስመ መንግሥታቸውም ቈስጠንጢኖስ ተባለ።

የዘርዐ ያዕቆብ ሥራ ብዙ ነው። ግብፅ ውስጥ ደብረ ምጥማቅ የተባለችው ቤተ ክርስቲያን መፍረሷን በሰሙ ጊዜ ለግብፁ ሡልጣን ወቀሳ ላኩ፤ በተጉለትም በዚያችው ስም ሌላ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1450 በዚሁ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ብዙ ዘመን ሲያከራክር የነበረው የሰንበት ነገር ተፈታ፤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። በዚህ ጉዳይ ሲጣሉ የኖሩት መነኮሳት በአንድነት መቀመጣቸው ትልቅ ነገር ነበር። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት በእኒህ ንጉሥ ስም የሚታወቁ መጻሕፍት ናቸው። በአገራችን ከነገሡት ሁሉ እንደ እርሳቸው ያለ ደራሲ ንጉሥ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የሐይቅ ስም አብሮ ይነሣል። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በ13ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ታላቅ የትምህርት ቤት ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞአ ናቸው። ከእርሳቸው ወዲህ የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥቱ ከካህናት ሁሉ የከበረ ቦታ ያገኝ ነበር። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበሩት ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን፣ ንጉሡ ራሳቸውን ከሕዝብ ዐይን በሰወሩበት ወቅት ወደ ውስጥ መግባት ከሚፈቀድላቸው እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ስለዚህ የእኒህ ንጉሥ ታሪክ ለሐይቅና ለአምባሰል ልጆች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። ተአምረ ማርያም የተባለው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ መጽሐፉ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዘወትር እንዲነበብ አዘዙ፤ የድንግል ማርያምንም በዓላት 33 አድርገው ሠሩ። በዚህ ትእዛዝ ምክንያት መጽሐፍ የማንበብ ዕድል ያልነበረው ገበሬና ባላገር ሁሉ ተአምራቱን በጆሮው ለመስማት ቻለ። ከእነዚህም ተአምራት መካከል ሕዝቡ እጅግ የወደደው የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነው። የካቲት 16 ቀን በሚውለው በኪዳነ ምሕረት በዓል ዛሬም ይተረካል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይም ሚዛኑና ሰው በላው ተሥለው ይታያሉ።

ታሪኩ በሕዝብ አፍ እንደሚነገረው እንዲህ ነው። ቅምር በተባለ አገር አንድ ሰው ነበረ፤ በላይ ይሉታል፣ ስምዖንም የሚሉት አሉ። ይህ ሰው እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር። በሩ ለመንገደኛ ተዘግቶ አያውቅም። በዚህ ደግነቱ የቀና ሰይጣን የእግዚአብሔር እንግዳ መስሎ ከቤቱ ገባ። ሰውዬውም እንደ ልማዱ ፍሪዳ ላርድ ቢል፣ እንግዳው የሚፈልገው ፍሪዳ ሳይሆን አንድ ልጁን መሆኑን ነገረው። ምስኪኑ ሰው አብርሃም የተፈተነበት ፈተና የመጣበት መስሎት እያለቀሰ ልጁን ሠዋ። አብርሃምን እጁን የያዘለት መልአክ ግን ለእርሱ አልመጣለትም። እንግዳውም ከሥጋው አስቀምሶት ተሰወረ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሰውዬው ልብ ተለወጠ። ሌላ ምግብ አልቀመስ አለው። ሚስቱንና ቤተ ሰዎቹን በላ፤ ከዚያም ቀስቱንና የውሃ ቅሉን ይዞ በየዱሩ ዞረ። የበላቸው ሰዎች 78 እስኪሆኑ ድረስ አላቆመም። ባየው ጊዜ ሁሉ ሰው ይሸሸው ጀመር፤ ቀድሞ መንገደኛ የሚሞላው በሩም ምድረ በዳ ሆነ።

አንድ ቀን በመንገድ ላይ ገላው በቍስል የተመታ፣ በውሃ ጥም የሚሞት ድኻ አገኘ። ሊበላው አስቦ ሥጋውን አይቶ ተወው። ድኻውም ውሃ ስጠኝ ብሎ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በቅዱሳን ስም ለመነው፤ አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ በድንግል ማርያም ስም ሲለምነው ሰው በላው ቆም አለ። ይህን ስም ሰው በነበረበት ዘመን ሰምቶት ነበርና ከልቡ ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ። ከቅሉም አንድ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ውሃው ለጥሙ የሚበቃ አልነበረም፤ የድኻውን ጉሮሮ ከማራስ በቀር ሌላ አላደረገም። ሰው በላው ግን ከዚያ በኋላ ተጸጽቶ ሞተ።

በፍርድ ዙፋን ፊት ሚዛን ቀረበ። በአንደኛው ወገን የ78ቱ ሰዎች ነፍስ ተደረገ፤ በሁለተኛው ወገን ያቺ ጥርኝ ውሃ ተደረገች። ውሃዋ ቀለለች። ያን ጊዜ ድንግል ማርያም ቀርባ ጥላዋን በውሃው ላይ ብታሳርፍ ውሃው ከበደና ሰው በላው ዳነ ይላል ታሪኩ።

ይህ ታሪክ ከአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ጥያቄ ያስነሣል። የ78ቱ ሰዎች ደም የት ቀረ? ልጆቻቸው ቢጠይቁስ ምን ይመለስላቸዋል? ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ታሪኩን በጥንቃቄ ስናየው ግን በደሉን አልሸሸገውም፤ ሟቾቹን አንድ በአንድ ቈጥሮ በሚዛኑ ላይ አስቀምጧቸዋል። ከዚህም ጋራ ሌሎች የማይነግሩንን ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው፣ ይህ አውሬ አውሬ ሆኖ አልተወለደም፤ ደግ ሰው ነበረ፣ ተታለለ፣ ከዚያም ተበላሸ። ሁለተኛው፣ ከተበላሸም በኋላ በውስጡ አንድ ጥርኝ የምታህል ሰውነት ቀርታ ነበር። ሕዝቡ ለበላይ የሚያዝንለት ስለነዚህ ሁለት ነገሮች ይመስለናል።

እንዲህ ያለ ታሪክ በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሜሪ ሼሊ የተባለች ደራሲ ገና በ18 ዓመቷ ጀምራ በ1818 ያሳተመችው ፍራንከንስታይን የተባለ ልብ ወለድ አለ። በዚያ መጽሐፍ አንድ ተማሪ ከሙታን ሥጋ ሰው መሳይ ፍጡር ሠርቶ ነፍስ ከዘራበት በኋላ መልኩን አይቶ ጥሎት ይሸሻል። ፍጡሩ መጀመሪያ ክፉ አልነበረም፤ በውሃ የምትሰጥም ልጅ እንኳ አድኗል፤ ስለዚህ ደግነቱ የተከፈለው ግን ጥይት ነው። ሰው ሁሉ ባባረረው ጊዜ ገዳይ ሆነ። ከቅምር እስከ እንግሊዝ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ዐይነት ነው፤ አውሬውን አውሬ ያደረገው ማን ነው የሚል ነው።

በእኛው በሐይቅም ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ አለ። ከጥንት የሐይቅ ሰዎች ዘንዶ ያመልኩ እንደ ነበር፣ ዘንዶውም በመስቀል ኀይል እንደ ተባረረ ይነገራል። አባ ኢየሱስ ሞአ ወደ ሐይቅ ከመምጣታቸው በፊት በተማሩበት በደብረ ዳሞ ግን ዘንዶው ሌላ ነው፤ አቡነ አረጋዊን በገላው ተሸክሞ ወደ አምባው ያወጣቸው እርሱ ነውና በሥዕል ሁሉ ከጻድቁ ጋራ ይታያል። አንዱ ዘንዶ ጠላት፣ ሌላው አገልጋይ ሆኖ ተተርኳል። ስለ ሐይቃችን አፈጣጠር የሚነገረውም ተረት እንዲሁ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት ስፍራ በቀር ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው ይባላል። በዚህ ተረት ጥፋትን ያመጣው አውሬ አይደለም፤ ያማረ ልብስ የለበሰች የንጉሥ ልጅ ናት።

እንግዲህ የንጉሣችንን ሌላውን ገጽ እንመልከት። ዘርዐ ያዕቆብ እጅግ ይፈሩ ነበር። ጠንቋዮችና መተተኞች ያጠቁኛል ብለው ስላሰቡ ካህናት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሌሊቱን ሁሉ ጠበል ሲረጩ ያድሩ እንደ ነበር ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ደስክና ዲኖ የተባሉ አጋንንትን የሚያመልክ ሰው እንዲገደል ዐዋጅ ወጣ። ሰው ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በክንዶቹም ላይ ሰይጣንንና ደስክን መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያደርግ ታዘዘ።

ዐዋጁ ከወጣ በኋላ የሆነው ነገር የሚያሳዝን ነው። ክፉዎች ሰዎች ጠላታቸውን ደስክን ያመልካል እያሉ በሐሰት መክሰስ ጀመሩ። በዚህ ክስ ብዙ ሰው ሞተ፤ ከሳሾቹም ውሸታቸው ቈይቶ ተገልጦ ተቀጡ፤ የሞተው ግን አልተመለሰም። እሳቱ ወደ ንጉሡም ቤት ገባ። ዘርዐ ያዕቆብ በዘመናቸው መጀመሪያ ላይ ሴቶች ልጆቻቸውን በየአውራጃው ሾመው አገር ያስገዙ ንጉሥ ነበሩ። ኋላ ግን ከሴቶችም ከወንዶችም ልጆቻቸው አያሌዎቹ ጣዖት አመለኩ ተብለው ተከሰሱና በግርፋት ተቀጡ፤ ከዚያም የተነሣ የሞቱ ነበሩ። ንጉሡ ይህን ለሕዝብ በአደባባይ ባስታወቁ ጊዜ ቍስላቸውን ያየው ሰው ሁሉ እንዳለቀሰ ተጽፏል።

ለድንግል ማርያምና ለመስቀል ስግደት አናደርግም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳትም ብርቱ ቅጣት ደረሰባቸው። ምላሳቸውና አፍንጫቸው ተቈረጠ፤ በድንጋይም ተወገሩ። ከውግረቱ በኋላ በ38ኛው ቀን በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ይህ ሥራቸው መወደዱን የሚያስረዳ ምልክት ነው ብለው በዚያው ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና ከተማ አሠሩ። ደብረ ብርሃን የተባለችው ከተማ የተመሠረተችው እንዲህ ነው። ነገሩ የሆነው በ1456 አካባቢ ስለሆነ ብርሃኑ በዚያ ዓመት የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ስለ ጠላቶቻቸውም አንድ ነገር እናንሣ። በ1445 ጎሚት በተባለ ቦታ ከአዳሉ ሡልጣን ከበድላይ ጋራ ተዋግተው ድል አደረጉ፤ ሡልጣኑም በጦርነቱ ሞቱ። በአገራችን ጽሑፎች እኒህ ሰው አርዌ በድላይ ይባላሉ፤ አርዌ ማለት አውሬ፣ እባብ ማለት ነው። በወገኖቻቸው ዘንድ ግን በድላይ ጀግና ናቸው፤ አባታቸው ሡልጣን ሰዕደዲንም ቀደም ሲል በክርስቲያኑ ንጉሥ ጦር ዘይላ ላይ ተገድለዋል። አባቱ የተገደለበት ልጅ መሣሪያ ቢያነሣ በአንዱ ወገን መጽሐፍ አውሬ፣ በሌላው ወገን መጽሐፍ ጀግና ሆኖ ይጻፋል። ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ በልቶ አብሮ በሚያለቅስበት በወሎ ለምንኖር ለእኛ ይህን ሁለቱንም ገጽ ማወቅ ይገባናል።

በንጉሡ ቤት የደረሰው የመጨረሻው መከራ በ1462 የሆነው ነው። ጽዮን ሞገሳ የተባሉት ባለቤታቸው ልጃቸውን በእደ ማርያምን ለማንገሥ አድመዋል ተብለው ተገረፉና ከዚያ የተነሣ ሞቱ። ልጁም የእናቱን ሞት ያዘነው በስውር ነበር። ኋላ ግን አባትና ልጅ ታረቁ፤ ዘርዐ ያዕቆብም አልጋውን ለእኒሁ ልጃቸው አወረሱ።

ዘርዐ ያዕቆብ የመጨረሻ ዘመናቸውን በደብረ ብርሃን አሳልፈው በ1468 ዐረፉ። ዐፄ በእደ ማርያምም በነገሡ ጊዜ እስረኞችን እንደ ፈቱ ይነገራል። የዘርዐ ያዕቆብ ዐፅም ዛሬ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ያንን ገዳም የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ የሐይቁ የአባ ኢየሱስ ሞአ ደቀ መዝሙር ነበሩ ይባላል። ግሼንም ቢሆን አልተረሳም፤ ግማደ መስቀሉን በአምባው ላይ ያኖሩት ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው የሚለው ትውፊት በሕዝብ ዘንድ የጸና ነው። ታስረው የኖሩበት ተራራ በእርሳቸው ምክንያት ሰዎች በነጻነት የሚወጡበትና የሚጸልዩበት ሆነ።

እንግዲህ እኒህን ንጉሥ እንዴት እንፍረዳቸው? ጨካኝ ነበሩ ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ቅዱስ ነበሩ ብሎ በደላቸውን መሸፈንም ቀላል ነው። እኛ ግን እርሳቸው ራሳቸው ባስነበቡት ታሪክ መሠረት ብንፈርዳቸው የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። በሚዛኑ አንድ ወገን የሞቱት ልጆቻቸው፣ ጽዮን ሞገሳ፣ የተወገሩት መነኮሳትና በሐሰት ክስ ያለቁት ሰዎች ይቀመጡ፤ አንዳቸውም አይጕደሉ። በሌላው ወገን ያለ በደላቸው በአምባ ላይ የታሰሩት ልዑል፣ የተጣሉትን ያስታረቁት ንጉሥ፣ መጻሕፍቱና ያቺ የጥርኝ ውሃ ታሪክ ይቀመጡ። የትኛው እንደሚከብድ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። እኛ ማወቅ የምንችለው ይህን ነው፤ ንጉሡን ክፉ ሥራ ያሠራቸው በአብዛኛው ፍርሃት ነበረ፤ ሲፈሩም ከሰው ውስጥ የሚያዩት አውሬውን እንጂ ጥርኟን ውሃ አልነበረም።

ይህ ነገር አልፎ የቀረ የነገሥታት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምን ነበር። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ጥበብ የሚሸምነው ሰው ለብዙ ዘመን ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ሲሸሽ ኖሯል። ያረስንበት ማረሻ፣ እንጀራ የጋገርንበት ምጣድና የለበስነው ጋቢ የእጁ ሥራ ሆኖ ሳለ ልጁ ከልጆቻችን ጋራ እንዳይጫወት የከለከሉ አሉ። ልጅ ሲታመም የማንን ስም ጠርተን እንደምንለፈልፍ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ደስክን ያመልካል ተብሎ በሐሰት ከተከሰሰው ሰው ዕጣ በምን ይለያል? በትምህርት ቤትም ቢሆን በመልኩ፣ በድኽነቱ፣ በአነጋገሩ ወይም በበሽታው ምክንያት ብቻውን የሚቀመጥ ተማሪ አይታጣም።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፣ አስፈሪ ታሪክ ስታነቡ ከአውሬው ጥርስ ሌላ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ፍጡር አስቀድሞ ምን ነበረ? ዛሬስ በውስጡ ምን ቀርቶለታል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በመጽሐፍ ላይ የለመደ ልብ በሰው ላይም አይረሳቸውም። ወላጆቻችንም ልጅን ለማስፈራት ጭራቅ ሲጠሩ የጎረቤታቸውን ስም ከጭራቁ ጋራ እንዳያነሡ እንለምናለን። መምህሮቻችንም የአገራችንን ታሪክ ሲያስተምሩን የነገሥታቱን ድል ከሟቾቹ ቍጥር ጋራ እንዲነግሩን እንጠይቃለን፤ እኛ መስማት እንችላለንና።

የግሼን አምባ ከሰሜን፣ የሐይቅ ውሃ ከፊታችን ሆነው የሚመለከቱት ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር። ከእርሱም የሚወጡት ልጆች ዕውቀትን ከርኅራኄ ጋራ የያዙ፣ ለተጠማ ሰው ማንነቱን ሳይጠይቁ ውሃ የሚሰጡ ይሁኑ።